ለሰው የሚሰጥ ኩዊልት፦ መቀሱ ከመነሣቱ በፊት

ለበጎ አድራጎት የተሰፋ ኩዊልት ተመልሶ የሚመጣው ሁልጊዜ ስፌቱ ስለከፋ አይደለም። ለሕፃን ተብሎ ፊቱ ላይ ቁልፍ የተተከለበት አለ። ለሆስፒታል ተብሎ ገና ከረጢቱ ሲከፈት ዕጣን ዕጣን የሚል አለ። ለጦር ተመላሽ ተብሎ ወርዱ 45 ኢንች ላይ የቀረ አለ። ሁሉም ተለፍቶባቸዋል፤ አንዳንዱ የሁለት ወር የማታ ሥራ ነው። ጥፋቱ ኩዊልቱ ካለቀ በኋላ ተቀባይ ፍለጋ መውጣት ላይ ነው። ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ፦ መጀመሪያ ተቀባዩ፣ ቀጥሎ የተቀባዩ መመሪያ፣ ከዚያ ጨርቁ፣ መቀስ በመጨረሻ።

ኩዊልት ሰምቶ ለማያውቅ፣ ሦስት ንብርብር ያለው የአልጋ ልብስ ማለት ነው። ከላይ ከቁርጥራጭ ተገጣጥሞ የተሰፋ ፊት፣ ከሥር ገበር፣ መሀል ላይ ሙቀት የሚይዝ ሙሌት ይኖረዋል፤ ሙሌቱን አሜሪካኖቹ ባቲንግ ይሉታል። ሦስቱ በስፌት ወይም በቋጠሮ አንድ ላይ ይያዛሉ። በእኛ ቋንቋ ቅርቡ ቃል ድሪቶ ነው፤ ግን ድሪቶ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው የቸገረው ሰው ልብስ ስለሆነ ለስጦታ ሲነገር ጆሮ ይሻክራል። ስለዚህ እዚህ ኩዊልት እላለሁ። ሥራው ግን ያው እራፊ መግጠም ነው።

አሜሪካ ውስጥ ኩዊልት ሰፍቶ መስጠት የቆየ ነገር ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን፣ በ1861 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የተቋቋመው የአሜሪካ ሳኒታሪ ኮሚሽን ሴቶች የሰፉትን እየሰበሰበ ወደ ጦር ሆስፒታሎች ይልክ ነበር። የወታደር አልጋ ጠባብ ስለነበር ኩዊልቱም ጠባብና ረጅም ሆኖ ተሠራ፤ ልኩን የወሰነው አልጋው ነበር። ከእነዚያ ውስጥ ዛሬ በጣት የሚቆጠሩ ብቻ ናቸው ያሉት። የቀሩት እስኪያልቁ ተለብሰዋል። ለስጦታ የሚሰፋ ሰው ይህን ቢያስብ ደግ ነው፦ የሚሠራው ለግድግዳ ሳይሆን ለሰውነትና ለማጠቢያ ነው።

ዛሬ መስጫው ብዙ ነው። ሦስት ዓይነት ብቻ ላንሣ፤ ሦስቱም የሚጠይቁት ሥራ የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው ባሕር ማዶ ለተፈናቃይና ለስደተኛ የሚላከው ነው። በ1920 የተመሠረተው የሜኖናይት ማዕከላዊ ኮሚቴና በ1945 የተመሠረተው የሉተራን ዓለም አቀፍ ርዳታ በዚህ የታወቁ ናቸው። ስማቸው ለእኛ አገር ሰው እንግዳ መሆን የለበትም፤ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከሜኖናይት ቤተሰብ ናት፣ መካነ ኢየሱስ ደግሞ ከሉተራን። ሁለቱም የሚፈልጉት 60 በ80 ኢንች ገደማ፣ ማለትም 152 በ203 ሳንቲ ሜትር ነው። አንድ አዋቂ ሰው ይሸፍናል፤ እናት ከነልጇም ትጠቀለልበታለች። ማሰሪያው ቋጠሮ ቢሆን ይበቃቸዋል። ሜኖናይቶቹ ጥር 2020 ላይ፣ መቶኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ፣ በአንድ ቀን 6,500 ለማድረስ አቅደው የተነሡት በቋጠሮ ነው፤ በእጅ ስፌት ቢሆን ኖሮ የማይታሰብ ነበር።

ለባሕር ማዶው ባንዲራ፣ የወታደር ዥጉርጉር ጨርቅ፣ የሃይማኖት ምልክትና ጽሑፍ አይደረግም። እኛ እዚህ ላይ ነው የምንሳሳተው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ መደርደር ለእጃችን ቀላል ነው፤ ጥግ ላይ መስቀል መጥለፍም እንደ ምርቃት ነው የሚቆጠረው። ኩዊልቱ ግን የሚዘረጋው የማን ወገን መሆን ነፍስ በሚያስከፍልበት ድንኳን ውስጥ ሊሆን ይችላል። የለበሰውን ሰው ከማንም ወገን ማሳየት የለበትም። ምርቃቱን በልባችሁ ያዙት።

ሁለተኛው የልጆች ነው። በ1995 ኮሎራዶ ላይ የተጀመረው ፕሮጀክት ላይነስ ከተወለደ ሕፃን እስከ 18 ዓመት ላሉ፣ ለታመሙ ወይም መከራ ለደረሰባቸው ልጆች በእጅ የተሠራ አዲስ ብርድ ልብስ ይሰጣል። ሰው ሁሉ ለሕፃን መስፋት ይወዳል፤ ትንሽ ነው፣ ቶሎ ያልቃል፣ ጨርቁም ያምራል። የ15 ዓመት ወንድ ልጅ ግን ጥንቸል የታተመበት 36 በ36 ምን ያደርግለታል? ለእሱ ወርዱ ቢያንስ 50፣ ርዝመቱ 60 ኢንች ሆኖ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ግራጫና ቡናማ ቢገጠምለት ይለብሰዋል። በእኔ አስተያየት አንድ ብቻ የምትሰፉ ከሆነ ለጎረምሳ ስፉ።

ለአራስ ስትሰፉ አንድ ነገር ይታወቅ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ልጅ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ የሚተኛበት አልጋ ውስጥ ልቅ ብርድ ልብስም ሆነ ኩዊልት እንዳይገባ ይመክራል፤ ፊቱን ሊሸፍነው ይችላልና። ስለዚህ የሕፃን ኩዊልት መሬት ላይ ተነጥፎ በደረቱ የሚጫወትበት ነው። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ክፍል ደግሞ ኩዊልቱ ኢንኩቤተሩ ላይ ከውጭ ይጣላል፣ ብርሃን እንዲከልል። ለዚያ የሚሆነው ቀጭን፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የማይሞላ፣ ገበሩ ጠቆር ያለ ነው፤ ወፍራም ሙሌት ጥቅም የለውም። ልኩ ከሆስፒታል ሆስፒታል ስለሚለያይ ክፍሉን ሳትጠይቁ አትቁረጡ።

ሦስተኛው ኩዊልትስ ኦቭ ቫለር ነው፤ በ2003 ዴላዌር ውስጥ አንዲት የወታደር እናት የጀመረችው፣ ጦርነት ለነካቸው የአሜሪካ ወታደሮችና ጦር ተመላሾች የሚሸለም ኩዊልት። ከሦስቱ ጥብቁ ይኼ ነው። ከ55 በ65 ኢንች አያንስም፣ ከ72 በ90 አይበልጥም። ቋጠሮ አይቀበሉም፤ በእጅ ወይም በመኪና የተሰፋ መሆን አለበት። ጠርዙ በተደረበ ቅምቅማት፣ ማለትም በሁለት ታጥፎ ዙሪያውን በሚሰፋ ቅዳጅ፣ ይዘጋል፣ ከጀርባው የተቀባዩና የሠሪው ስም ያለበት ምልክት ይሰፋል፣ ታጥቦም ነው የሚቀርበው። ተቀባይን ማንም ሰው መጠቆም ይችላል፤ በአሜሪካ ጦር ያገለገለ ዘመድ ያላችሁ ይህን አስቡ።

አሁን ወደ ሥራው። ለጀማሪ የምመክረው የመጀመሪያውን ዓይነት፣ 60 በ80ውን ባለቋጠሮ ነው። አንድ ሰው በሁለት ቅዳሜና እሑድ ይጨርሰዋል፤ አራት ሴቶች ተሰብስበው ከሆነ በአንድ ቅዳሜ።

ጨርቅ ስትመርጡ ንጹሕ ጥጥ ወይም ጥጥ የበዛበት ቴትሮን ውሰዱ፣ ውፍረቱ ይመሳሰል። ወደ ብርሃን አንሡትና እጃችሁን ከኋላው አድርጉ፤ ጣቶቻችሁ ተለይተው የሚቆጠሩ ከሆነ ስስ ነው፣ ተዉት። ምንነቱ ያልታወቀ ጨርቅ ከሆነ ከዳሩ ጥቂት ክር መዝዛችሁ በቆርቆሮ ክዳን ላይ አቃጥሉ። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይደቅቃል፤ ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ጀርሲና የሚለጠጥ ቲሸርት ከማይለጠጥ ጋር ከተሰፋ ፊቱ እንደ ውሃ ሞገድ ይላል። ነጠላና ጥበብም አይሆኑም። ልቅ ሽመና ስለሆነ ከስፌቱ አጠገብ ድሩ ከማጉ ይለያያል፣ ሦስተኛው እጥበት ላይ ስፌቱ እንዳለ ሆኖ ጨርቁ ይሾልካል። አሮጌ አንሶላ ጥሩ ነው፣ ከጫፉና ከጎኑ ቁረጡ እንጂ፤ መሀሉ ሰው የተኛበት ስለሆነ ቀድሞ ያለቀው እሱ ነው።

ሳይታጠብ የሚቆረጥ ጨርቅ የለም። በሙቅ ውሃ ይታጠብ፣ በሙቅ ይድረቅ፣ ይተኮስ። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ አንድ ቁራጭ ሙቅ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ነጭ ጨርቅ አብራችሁ ግማሽ ሰዓት አስቀምጡ። ነጩ ከቀላ ያ ጨርቅ በድጋሚ ይታጠባል፤ አሁንም ከለቀቀ ይወጣል። አንድ ቀይ ካሬ ሌሎቹን 47 ሮዝ ሊያደርግ ይችላል።

ልኩ እንዲህ ይሰላል። ተሰፍቶ ሲያልቅ 10 ኢንች የሚሆን ካሬ እንፈልጋለን፤ 6 በወርድ፣ 8 በቁመት፣ 48 ካሬ ልክ 60 በ80 ይሰጣል። የኩዊልት ሰፊዎች ልማድ ለስፌት ሩብ ኢንች መተው ነው፤ ያ ለአዲስ ጥቅጥቅ ጥጥ ይሠራል። የተደባለቀና ያገለገለ ጨርቅ ከሆነ ግን ግማሽ ኢንች ተዉ፣ ስለዚህ ካሬው 11 ኢንች ተደርጎ ይቆረጣል። አንድ ያርድ 36 ኢንች ስለሆነ በቁመት 3 ይወጣል፣ በወርድም 3፣ በጠቅላላው 9። 48ቱን ለማግኘት ከአምስት ያርድ በላይ ያስፈልጋል፤ ስድስት ያዙ፣ 54 ይወጣል፣ ስድስቱ ለተበላሸ መተኪያ ይሁን።

እዚህ ላይ የተለመደ ወጥመድ አለ። ካሬውን 10 ከግማሽ የሚቆርጡ ሰዎች የጨርቁ ወርድ 42 ኢንች ነው፣ አራት ይወጣል ብለው ይገዛሉ። ጨርቁ ታጥቦ ሲሰበሰብና ጠንካራው ዳር ሲቆረጥ ግን 40 ወይም 41 ነው የሚቀረው፤ በየመደዳው ሦስት ብቻ ይወጣና ጨርቅ ያጥራል። ዳሩን ደግሞ የግድ ቁረጡት፣ ከሌላው የበለጠ ስለሚሰበሰብ ስፌቱን ይጎትታል።

ካሬውን ለመቁረጥ ከካርቶን 11 በ11 ቅርጽ ሥሩ፣ በስለታም እርሳስ አስምሩ። ከሃያ ካሬ በኋላ የካርቶኑ ጠርዝ ስለሚደክም ሌላ ቀይሩ። ያው የደከመ ካርቶን እስከ መጨረሻ ከሄደ የመጨረሻዎቹ ካሬዎች ከመጀመሪያዎቹ ያንሳሉ፣ መስመሩም አይገናኝም።

ስትሰፉ የስፌት መኪናውን ርምጃ 2.5 ሚሊ ሜትር ላይ አድርጉ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ሁለት ሦስት ርምጃ ወደኋላ መልሱ። ከመርፌው ግማሽ ኢንች ለክታችሁ መኪናው ላይ ፕላስተር ለጥፉና ጨርቁን በእሱ እያስደገፋችሁ ስፉ። ስህተት እንዴት እንደሚጠራቀም እዩ፦ ስፌታችሁ ከግማሽ ኢንች በ1/16 ብቻ ቢበልጥ ከሁለቱም ካሬ ስለሚበላ በአንድ ስፌት 1/8 ይጠፋል። በቁመት 7 ስፌት አለ፤ አንድ ኢንች ሊሞላ ምንም አይቀረው። ሁለት ካሬ ሰፍታችሁ ክፈቱና ለኩ፤ ከዳር ዳር 21 ኢንች ካልሆነ ፕላስተሩን አንቀሳቅሱ። ከዚያ ቀጥሉ።

መጀመሪያ ስድስት ስድስቱን በመደዳ ሰፍታችሁ ስምንት መደዳ አውጡ። መተኮስ ላይ ብዙዎች ይሰንፋሉ፣ ልዩነቱን የሚያመጣው ግን እሱ ነው። በአንደኛው መደዳ የስፌቱን ትርፍ በሙሉ ወደ ቀኝ ተኩሱ፣ በሁለተኛው ወደ ግራ፣ በሦስተኛው እንደገና ወደ ቀኝ። ሁለት መደዳ ፊት ለፊት ስታደርጉ አንዱ ትርፍ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ ስለሚተኛ በጣታችሁ ስትገፉት እርስ በርሱ ጥርስ ይያያዛል። እዚያው እስፒል ውጉበት። ከዚህ የተነሣ አራቱ ካሬዎች የሚገናኙበት ነጥብ በትክክል ይገጥማል፣ ውፍረቱም አንድ ወገን ላይ አይከመርም። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ከተተኮሰ ግን እያንዳንዱ መገናኛ ላይ ጉብታ ይወጣል፣ መርፌም ይሰብራል። ካውያውን ከላይ አንሥታችሁ አስቀምጡ እንጂ አትጎትቱት፤ መጎተት ካሬውን ያጣምማል።

ለሙሌት ፖሊስተር እመርጣለሁ። የጥጥ ሙሌት ለስላሳ ነው፣ ሲታጠብ ግን ከመቶ ሦስት እስከ አምስት ያህል ይሰበሰባል፤ ከሁሉም በላይ ለመድረቅ ጊዜ ይወስዳል። ኩዊልቱ የሚሄድበት ቦታ ማድረቂያ ማሽን የለም። በሳፋ ታጥቦ፣ በእጅ ተጨምቆ፣ ገመድ ላይ የሚሰጣ ነው። መመዘኛው ቀላል ነው፦ አንዲት ሴት ብቻዋን አንሥታ መጭመቅ ትችላለች? ፎጣ እንደ ሙሌት የሚያስገቡ አሉ፤ ውሃ ጠጥቶ ድንጋይ ይሆናል። አሮጌ ጋቢም ያው ነው። ሙቀቱ የታወቀ ነው፤ ሲርስ ግን ከባድ ነው፣ ከሌላው ንብርብር ጋር እኩል አይሰበሰብምም። ጋቢውን ለብሳችሁ ስፉ። ስስ ያገለገለ የፖሊስተር ብርድ ልብስ ግን ጥሩ ሙሌት ይወጣዋል፤ የኤሌክትሪክ ከሆነ አይሆንም። ሱቅ ውስጥ ለዚህ የሚበቃው ትዊን (የአንድ ሰው አልጋ ልክ) የሚባለው፣ 72 በ90 ኢንች የሆነው ነው።

ለገበር የትዊን አልጋ አንሶላ፣ ዳሩ ላስቲክ የሌለው ዓይነት፣ 66 በ96 ኢንች ነው። ፊቱ ከነትርፉ 61 በ81 ስለሆነ በሁለቱም ጎን ሁለት ሁለት ኢንች ስትጨምሩ 65 ይፈለጋል፤ ለጥቂት ይደርሳል። ታጥቦ ተሰብስቦ 64 ከሆነባችሁ ሌላ አትግዙ፣ የጠርዙን ትርፍ ወደ አንድ ኢንች ተኩል አውርዱት።

ሦስቱን መደራረብ። ገበሩን መልካም ፊቱን ወደ መሬት አድርጋችሁ ወለል ላይ ዘርጉ፣ ዙሪያውን በወረቀት ፕላስተር ለጥፉት፤ ይወጠር እንጂ አይለጠጥ። ሙሌቱን ከላይ፣ ፊቱን ከሁሉም በላይ። ከመሀል ወደ ዳር በእጃችሁ እየዳበሳችሁ አስተካክሉ። ከዚያ በየካሬው አንድ መርፌ ቁልፍ ከመሀሉ ትንሽ ፈንጠር አድርጋችሁ ውጉ፣ ዙሪያውንም በየ10 ኢንቹ። 48 ከ28 ጋር 76 ይመጣል። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ኋላ ስትነቅሉ 76 መሞላት አለበት። አንድ የጎደለ እስፒል ወይም መርፌ ቁልፍ ኩዊልቱ ውስጥ ካለ ያ ኩዊልት ለልጅ አይሰጥም።

ቋጠሮው። ክሩ የዳንቴል ክር፣ ቁጥር 10 ጥጥ ይሁን፣ ድርብ ተደርጎ። የሹራብ ክር አይሆንም፤ ሱፉ ይጠቀለላል፣ አክሪሊኩ ይንሸራተታል። አፉ ሰፊ የሆነ ስለታም መርፌ ይዛችሁ ከመሀል ጀምሩ። በየ5 ኢንቹ ከላይ ወደ ታች ውጉ፣ ከሩብ ኢንች በኋላ ወደ ላይ መልሱ፣ ክሩን ሳትቆርጡ ወደሚቀጥለው ነጥብ እለፉ። መደዳው ሲያልቅ በሁለት ነጥቦች መካከል የተዘረጋውን ክር መሀሉ ላይ ቁረጡት፤ እያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ጫፍ ያገኛል፣ ወደ ሁለት ኢንች ተኩል።

አሁን ቀኙን በግራው ላይ አሳልፋችሁ እሰሩ፣ ቀጥሎ ግራውን በቀኙ ላይ። ሁለቱንም ጊዜ ቀኙን በግራ ላይ ካደረጋችሁ ቋጠሮው የተጣመመ ይሆናል፤ ለጊዜው የያዘ ይመስላል፣ ማሽን ውስጥ ግን እየተንሸራተተ ይፈታል። ትክክለኛው ቋጠሮ ሲታይ ጠፍጣፋ ነው፣ ጫፎቹም ከክሩ አቅጣጫ ጋር አብረው ይተኛሉ። ስትስቡት ጨርቁ ትንሽ ጎድጎድ ሲል አቁሙ። ከዚያ በላይ ከሳባችሁት በእጥበት ጊዜ ክሩ ጨርቁን ይበሳዋል። ጫፉን አንድ ኢንች አስቀርታችሁ ቁረጡ፤ አጭር ያምራል፣ ግን ያመልጣል።

ከጠርዙ 5 ኢንች ጀምራችሁ ስትሄዱ በወርድ 11፣ በቁመት 15፣ በድምሩ 165 ቋጠሮ ነው። ድርብ ክሩን አስባችሁ 50 ሜትር ያዙ። አራት ካሬ የሚገናኝበት ላይ መርፌው እምቢ ካለ ግማሽ ኢንች ሸሽታችሁ ውጉ፣ አትታገሉት። ቋጠሮ ለማሳነስ 8 እና 10 ኢንች የሚያራርቁ አሉ። አንዳንድ ሙሌት ፋብሪካው ራሱ እስከዚያ ድረስ ይችላል ብሎ ይጽፍበታል፤ በእጅ ሲታሽ ግን ሙሌቱ እየሸሸ ጥግ ላይ ይከማቻል፣ መሀሉ ባዶ ሁለት ጨርቅ ይቀራል።

ቋጠሮው ካለቀ በኋላ ጠርዙ። ሙሌቱን ከፊቱ ጋር እኩል አድርጋችሁ ቁረጡ። ይህን ስታደርጉ ከሥር ያለውን ገበር በግራ እጃችሁ ወደ ኋላ እጠፉት፤ መቀሱ ገበሩን አብሮ የሚበላው ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው፣ ያኔ መመለሻ የለውም። የቀረውን ሁለት ኢንች ገበር መጀመሪያ አንድ ኢንች አጥፉ፣ ከዚያ እንደገና አንድ ኢንች ወደ ፊቱ ገልብጡት። ያልተቀመቀመው ጠርዝ ውስጥ ይገባል። በእጥፋቱ ዳር 1/8 ኢንች ላይ በመኪና ዙሩበት። ማዕዘኑ ላይ ወደኋላ መልሳችሁ ስፉ፣ ኩዊልት የሚጎተተው በማዕዘኑ ነው።

ቋጠሮ ለማይቀበለው ለጦር ተመላሹ ኩዊልት ሦስቱን ንብርብር በእጅ ወይም በመኪና መስፋት ግድ ነው። የቤት ስፌት መኪና በቀጥታ መስመር፣ በየ4 ኢንቹ ይወጣዋል፤ አድካሚው ጥቅልሉን በመኪናው አንገት ሥር ማሳለፍ ነው። ትልቅ የኩዊልት ስፌት መኪና ላለው ሰው ከሰጣችሁት ዋጋው በካሬ ኢንች ነው የሚሰላው። 60 በ80 ማለት 4,800 ካሬ ኢንች ነው፤ በ2 ሳንቲም ቢሆን 96 ዶላር። ኩዊልትስ ኦቭ ቫለር በነፃ የሚሰፉ ፈቃደኞች ስላሉት ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ለተደረበው ቅምቅማት ደግሞ ዙሪያው 280 ኢንች ነው፣ ለመገጣጠሚያ 15 ጨምሩ፤ ባለ 40 ኢንች ስምንት ቅዳጅ፣ እያንዳንዱ ሁለት ኢንች ተኩል ስፋት። 20 ኢንች ጨርቅ ይበቃዋል።

ሲያልቅ ይታጠባል። ሽታ በሌለው ሳሙና፣ ለብ ባለ ውሃ፣ ማለስለሻ ሳይጨመር። እጥበቱ ለንጽሕና ብቻ አይደለም፣ ፈተናም ነው። ከማድረቂያው ሲወጣ መብራት ሥር ዘርጉና ሦስት ነገር ፈልጉ፦ የተፈታ ቋጠሮ፣ የተከፈተ ስፌት፣ ወደ ጎረቤቱ የለቀቀ ቀለም። እናንተ ዘንድ ያልተገኘው ተቀባዩ ዘንድ ይገኛልና።

ስለ ሽታ የሚደበቅ ነገር የለም። ቤታችን ቡና ይፈላበታል፣ ዕጣን ይጨስበታል፣ ቁሌት ይቁላላበታል፤ ለእኛ የቤት ጠረን ነው፣ አስም ላለበት ልጅ ግን ሕመም ይቀሰቅሳል። ሆስፒታሎች ከሲጋራና ከሽቶ ነፃ የሚሉት እንዲሁ ለወግ አይደለም። ጨርቁን ከመጀመሪያው በክዳን ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ፣ ናፍታሊን አታስገቡ፣ የታጠበውን ኩዊልት በዚያው ቀን ከረጢት ውስጥ አሽጉት። እርጥበት ካለው ግን ይሻግታል፤ ሙሌቱ መሀል ገብታችሁ በመዳፍ ጨብጣችሁ እዩ፣ ላዩ የደረቀ ውስጡ ብዙ ጊዜ አልደረቀም። ድመት ያለበት ቤት ፀጉሩን በፕላስተር ማንሣት አለበት።

ምልክት ስትሰፉ የተቀባዩ ድርጅት የፈቀደውን ብቻ ጻፉ። ስልክና አድራሻ አይጻፍም። አንዳንዱ የራሱን ምልክት ስለሚሰፋ የእናንተን አይፈልግም። ለጦር ተመላሹ ግን ስም ግዴታ ነው፤ በማይለቅ የጨርቅ ብዕር ጽፋችሁ፣ በደረቅ ካውያ ተኩሳችሁ አራቱንም ጎን ስፉት። ኩዊልቱ የሚቀርብበት የትራስ ልብስ ከተረፉት ካሬዎች ሊወጣ ይችላል።

አሜሪካ ላይ ግብር ለሚያሰሉ፦ የእጃችሁ ሰዓት አይቆጠርም። የሚቆጠረው የጨርቅ፣ የሙሌትና የክር ወጪ ነው፣ እሱም በአብዛኛው ተቀናሻቸውን ዘርዝረው ለሚያቀርቡ። ደረሰኝ ያዙ፤ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ የድርጅቱ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልጋል።

ወደ አገር ቤት እንላክ የሚል ጥያቄ ከእኛ ሰው አይጠፋም። የአየር ጭነቱን ስታሰሉት ኩዊልቱ የተሠራበትን ጨርቅ ዋጋ ይበልጣል። ብሩን ልካችሁ እዚያው ማሰፋት ይሻላል፤ አቡጀዲው እዚያ አለ፣ ሰፊው እዚያ አለ። እንደ መቄዶንያ ላለ የአረጋውያንና የሕሙማን መርጃ ወይም ለሌላ ቤት ከሆነ ግን መጀመሪያ የልብስ ማጠቢያውን ኃላፊ ጠይቁ። ስንት አልጋ አለ፣ የፍራሹ ወርድ ስንት ነው፣ በምን ይታጠባል? ለ90 ሳንቲ ሜትር ፍራሽ 150 ሳንቲ ሜትር ወርድ ይበቃል፣ በየጎኑ 30 ይወርዳል። አቡጀዲ ሲታጠብ ክፉኛ ስለሚሰበሰብ ሁለት ጊዜ ሙቅ ውሃ ሳያይ አይቆረጥም። በበረኪና የሚታጠብ ከሆነ ባለቀለም ካሬ መግጠም ዋጋ የለውም፣ በአንድ ወር ዝንጉርጉር ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ቤት ከሁለቱም ወገን ነጭ አቡጀዲ፣ ነጭ ክር፣ ቋጠሮው በየ4 ኢንቹ፤ ጌጡ ይቅር።